በጣና ዳርቻና በጓሮ ወፎችን ለመመልከት

ስለ አንዲት ወፍ ስም ከመጠየቅ በፊት ምን እንደምትበላ፣ ምግቧን እንዴት እንደምታገኝና የት እንደምታርፍ ማስተዋል ይቀድማል፤ ይህ ከታወቀ ስሟን ከሥዕላዊ መጽሐፍ ማግኘት አያስቸግርም። ለጎጃም ሰው ደግሞ ለዚህ ትምህርት ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ሐይቁና አካባቢው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል (ተፈጥሮ ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ስፍራ) ሆኖ ተመዝግቧል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው ዳርቻ ደንገል ወዳለበት ረግረግ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይድረሱ፤ ፀሐይዋ ከጀርባዎ እንድትሆን ሆነው ይቀመጡና ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ። 8 በ42 የሆነ ባይኖኩላር፣ ማለትም ስምንት እጥፍ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ለጀማሪ ይበቃል። ጉማሬ ሌሊት ሲግጥ አድሮ በማለዳ ወደ ውኃ ስለሚመለስ፣ በእርሱና በውኃው መካከል ላለመገኘት አስቀድመው ዓሣ አስጋሪዎችን ይጠይቁ። በታንኳ ከሄዱም ቀዛፊው ወፎቹ ሳይበረግጉ ከሩቅ እንዲያቆም ይንገሩት።

በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ይከታተሉ። ክንፉን እያርገበገበ ከውኃው በላይ አየር ላይ ይቆማል፤ አካሉ ሲርገበገብ ራሱ ግን ፈጽሞ አይነቃነቅም። ከዚያ ቁልቁል ተወርውሮ ዓሣውን ይይዝና ቅርንጫፍ ላይ እየቀጠቀጠ ይውጠዋል። ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ሴት ነው።

ከጥቅምት እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች (እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች) ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ውለው ሲመሽ ለማደር ወደ ሐይቁ ዳር ይመለሳሉ። ማሳ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ መንጋውንም ለፎቶ ሲሉ አያስነሱ።

በጓሮ የሚጀምር ሰው በእኔ አስተያየት ከእህል ይልቅ ውኃን ቢያስቀድም ይሻላል፤ በተለይ በበጋ። ጠርዙ ዝቅ ያለ የሸክላ ሳህን ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሰው መሐሉ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ ትንንሾቹ ወፎች ድንጋዩ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። ውኃውን በየቀኑ ይለውጡ፣ ሳህኑንም ይጠቡ። ለጥሬ ለቃሚዎች ጥቂት ዳጉሳ ወይም ማሽላ፣ ፍራፍሬ ለሚወዱት የበሰለ ፓፓያ ግማሽ ያቅርቡ፤ የሻገተ እህል፣ በመድኃኒት የታሸ ዘርና ጨው የገባበት ትርፍራፊ ግን አይስጡ። ማዕዱ ድመት ከምትደበቅበት ቁጥቋጦ ይራቅ። ላባዋን ነፍታ ከስፍራዋ የማትነሣ የታመመች ወፍ ካዩ መመገቡን ለሁለት ሳምንት ያህል አቁመው ዕቃውን ሁሉ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁት።