ለሪሞት ክራውለር የካርዳን ርዝመት እንዴት ይመረጣል

ጎሃ ተራራ ጥግ ወይም አንገረብ ዳር ድንጋይ የምትወጣ ክራውለር፣ ማለትም በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና፣ ጠረጴዛ ላይ እንደቆመች አትውልም። አንዱ ጎማ ቋጥኝ ላይ ሲሰቀል ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ያኔ በካምቢዮውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። ስለዚህ መኪናዋን አቁሞ አንዴ ለክቶ ካርዳን (ከካምቢዮው ወደ አክስሉ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ) መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች ሁለት ናቸው፦ አጭሩና ረጅሙ። ጎንደር ላይ ሆኖ ዕቃ ከሩቅ ለሚያዝ ሰው፣ መለካት ላይ የምትጠፋው አንድ ሰዓት የተሳሳተ ዕቃ ከመመለስ ትሻላለች።

አሠራሩ ከአይሱዙ ስር ከሚታየው ካርዳን አይለይም። ጥርስ ያላት ሴቴ ቱቦ አለች፣ ውስጧ ወንዴው ይንሸራተታል፣ በሁለቱም ጫፍ ሹካና ክሮቼራ (ዘንጉ በማዕዘን እንዲዞር የሚያስችል መጋጠሚያ) አለ። ካርዳኑ ከልክ በላይ ከረዘመ አክስሉ ወደ ላይ ሲገፋ ወንዴው የቱቦውን መጨረሻ ይመታል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ የሚያርፈው የካምቢዮው መውጫና የአክስሉ መግቢያ ኩሽኔታ ላይ ነው፤ ኩሽኔታው ይላላል ወይም ክሮቼራው ይሰበራል። ካጠረ ደግሞ አክስሉ ሲንጠለጠል ወንዴው ጫፉ ብቻ ተይዞ ይቀራል። ጥቂት ጥርስ ሙሉውን ኃይል ሲሸከም ፕላስቲኩ ይጠመዘዛል፣ ብረቱም ጥርሱን ይበላል።

ለመለካት መጀመሪያ ሁለቱንም ካርዳን፣ የፊቱንና የኋላውን፣ ያውጡ። ከአሞርዛተሮቹ ላይ ሞላውን ብቻ አውልቀው አሞርዛተሮቹን ወደ ቦታቸው ይመልሱ፤ የእንቅስቃሴውን ዳር የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። ልኬቱ በካምቢዮው መውጫ ዘንግ ካለው የፒን ቀዳዳ መሃል እስከ አክስሉ ዘንግ የፒን ቀዳዳ መሃል ነው። ማስመሪያ የማይገባበት ቦታ ከሆነ ቀጭን ሽቦ ሁለቱን ጫፍ አጥፈው ቀዳዳዎቹ ላይ ያድርጉና ሽቦውን ይለኩ። አክስሉን እስከ መጨረሻው ገፍተው፣ ሙሉ በሙሉ አንጠልጥለው፣ ከዚያም አንዱን ጎማ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች፣ ቀጥሎም በተቃራኒው አድርገው ይመዝግቡ። ከአራቱ ትንሹና ትልቁ ይያዙ። የፊቱና የኋላው ለየብቻ ይለካሉ፤ ካምቢዮው መሃል ላይ ስለማይቀመጥ ብዙ ጊዜ እኩል አይሆኑም።

ለምሳሌ አጭሩ 104፣ ረጅሙ 118 ሚሊሜትር ወጣ እንበል። ካርዳኑ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ፣ ማለትም ወንዴው እስከ መጨረሻው ሲገባ፣ ከ101 መብለጥ የለበትም። ሦስቷ ሚሊሜትር የምትተወው ጋዝ ሲሰጥ አክስሉ በመጠኑ ስለሚዞርና የሊንኮቹ (አክስሉን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ዘንጎች) ጫፍ ስለሚላላ ነው። በ118 ላይ ደግሞ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር ጥርስ እርስ በርሱ እንደተያያዘ መቅረት አለበት። ከ95 እስከ 130 የሚል ካርዳን፣ 130 ላይ የሚላቀቅ ከሆነ፣ 12 ሚሊሜትር ይተርፈዋል፤ ይበቃል። ከ100 እስከ 125 የሚለው 7 ብቻ ስለሚያስቀር ይተው። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ የጻፈው ቁጥር ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ነው ወይስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የዘንጉ ውፍረትም ይለካ፤ 5 ሚሊሜትር የተለመደ ቢሆንም የሁሉም መኪና አይደለም።

ከ106 እስከ 146 የሚለው ብቻ ከተገኘ መቁረጥ ይቻላል። አስቀድመው የቱ ቀድሞ እንደሚጋጭ ይዩ። የወንዴው ጫፍ ቱቦው ውስጥ የሚመታ ከሆነ ወንዴው ይቆረጣል፤ የቱቦው አፍ የወንዴውን ሹካ የሚነካ ከሆነ ቱቦው። 5 ሚሊሜትር ሲወጣ 101 እስከ 141 ይሆናል፣ በ118 ላይ 23 ሚሊሜትር ይያያዛል። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ በደቃቅ ሞረድ ይስተካከል፤ ሹል ብረት ከቀረ መንሸራተቱ ይሰናከላል።

መኪናዋን ከፍ ማድረግ ልኬቱን እንደሚለውጥ አይርሱ። አግድም ርቀቱ 110 ሆኖ የከፍታው ልዩነት ከ20 ወደ 45 ሚሊሜትር ቢያድግ፣ ርዝመቱ ከ112 ገደማ ወደ 119 ይሄዳል። ረጅም አሞርዛተር ወይም ሌላ ሊንክ የገጠመ ሰው ስለዚህ እንደገና ይለካ። ማዕዘኑም ዋጋ ያስከፍላል፦ አንድ ክሮቼራ በ30 ዲግሪ ሲሠራ የሚያስተላልፈው ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ 13 በመቶ ይቀንሳል፣ ሁለት ጊዜ 15 በመቶ ይጨምራል። ሁለቱ ክሮቼራዎች ይህን የሚያጣፉት ማዕዘናቸው እኩል ሲሆንና የካርዳኑ ሁለት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲቆሙ ነው። ወንዴውን አንድ ጥርስ አዛብቶ ያስገባ መኪናዋን ያንቀጠቅጣታል።

ሲገጥሙ ብሎኑ ከዘንጉ ጠፍጣፋ ገጽ ወይም ከቀዳዳው ጋር ትክክል ይግጠም፣ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይበቃዋል። ኤም 3 ራስ አልባ ብሎን 1.5፣ ኤም 4 ደግሞ 2 ሚሊሜትር የአለን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ያረጀ ቁልፍ ቀዳዳውን ያበላሸዋል። ከዚያ ሞላው ሳይመለስ አክስሉን እስከ ዳር እየገፉ ጎማውን በእጅ ያዙሩ። የሚነካ ነገር ካለ ያኔ ይሰማል። ሙከራው በፋሲል ግቢ ወይም በቁስቋም አሮጌ ግንብ ላይ እንዳይሆን አደራ፤ ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ለጎማ የሚሆን ድንጋይ ደግሞ ከግቢው ውጭ ሞልቷል።

በክረምት አንድ ነገር ይጨመራል። ጭቃ ቱቦው ውስጥ ከገባ ወንዴው እስከ መጨረሻው አይገባም፤ በትክክል የተለካው ካርዳን ከልክ በላይ እንደረዘመ ሆኖ ኩሽኔታውን መግፋት ይጀምራል። ግሪስ አይቀቡት፣ አቧራውን ይዞ ያስቀርበታል። ከጭቃ ሲመለሱ ካርዳኑን ነቅለው ቱቦውን በውሃና በቀጭን ብሩሽ ያጥቡ፣ ብረት ከሆነ ወዲያው ያድርቁት፣ ሲታጠፍ 101 መድረሱን እንደገና በማስመሪያ ያረጋግጡ።