ከትንንሽ ልጆች ጋር የካራቫን ዕረፍት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝ አገር ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ የካራቫን ዕረፍት ብዙ ነገር ያቀላል። ካራቫን በመኪና የሚጎተት ወይም ሰፈሩ ላይ ቆሞ የሚከራይ የጎማ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ፣ ፍሪጁ፣ መኝታው አንድ ላይ ነው። ሌሊት ልጅ ቢያለቅስ ከግድግዳው ማዶ የተኛ የሆቴል እንግዳ አይነቃም። እኛም ሌሊቱን ካራቫን ውስጥ እያደርን፣ ቀን መዝናኛ ፓርክ እየሄድን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ጥቂት ዓመታት ተመላልሰንበታል። ከታች ካሉት ስህተቶች አንዳንዶቹን ሠርተናቸዋል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጆቹ ናቸው። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ፓርኩን በስሙ መምረጥ

ስለ መዝናኛ ፓርክ ሲወራ ቶሎ የሚጠራው አልተን ታወርስ ነው። ጥሩ ፓርክ ነው። ነገር ግን ስሙን ያስጠሩት እንደ ኔሜሲስና ስማይለር ያሉት ሮለር ኮስተሮች ቁመቱ 1.4 ሜትር ያልሞላ ሰው አያሳፍሩም። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ በ2014 የተከፈተው ሲቢቢስ ላንድ ለትንንሾች የተሠራ ነው። ቀናችሁ የሚያልፈው እዚያ መሆኑን ቀድማችሁ እወቁት። ሃምፕሻየር ውስጥ ፖልተንስ ፓርክ ያለው ፔፓ ፒግ ወርልድ፣ ታምወርዝ አጠገብ ድሬይተን ማነር ያለው ቶማስ ላንድም ለዚህ ዕድሜ ይበልጥ ይስማማሉ።

ሴት ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ አንድ ጨዋታ በር ላይ መለኪያው ሥር ቆመች። ፀጉሯ ጎፈር ብሎ መስመሩን አልፏል። ሠራተኛዋ በእጇ ጫን ስታደርገው ሁለት ጣት ያህል ጎደላት። አርባ ደቂቃ ተሰልፈን ነበር። ልጄ አላለቀሰችም። ዝም አለች፤ እሱ ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ከመሄዳችን በፊት ጫማ አድርገው ግድግዳ ላይ እንለካቸዋለን። ከዚያ የፓርኩን ዌብሳይት ከፍተን የሚሳፈሩባቸውን አብረን እንመርጣለን። ታላቅ ልጅ ላላችሁ፣ ወላጆች ተራ የሚቀያየሩበት አሠራር ብዙ ፓርኮች ውስጥ አለ። አንዱ ከትልቁ ጋር ሲሳፈር ሌላው ከትንሹ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፉ ይለዋወጣሉ። መግቢያው ላይ ጠይቁ።

ሁሉም የሚሄድበትን ሳምንት መያዝ

ልጃችሁ ትምህርት ቤት ካልጀመረ ኦገስትን ተዉት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ካራቫኑም ይረክሳል፣ ወረፋውም ይቀንሳል። ትምህርት ቤት ከጀመረ ግን ከትምህርት አስቀርታችሁ ለመውሰድ አትድፈሩ። እንግሊዝ ውስጥ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ልጅን ያለ ፈቃድ ለአምስት ቀን ማስቀረት በአንድ ልጅ ለእያንዳንዱ ወላጅ 80 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል። በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። ኦገስት የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ፍልሰታን አስቡ፤ ከ7 እስከ 22 ድረስ ነው። ለሚጾም ቤተሰብ ፓርክ ውስጥ ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙ የሚበላ ላይገኝ ይችላል። የሽሮ ዱቄታችሁን ያዙ።

«ቅርብ ነው» የሚለውን ማመን

ማስታወቂያው ላይ ቅርብ ማለት በመኪና አርባ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ለአዋቂ ችግር የለውም። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ከሃያ ደቂቃ በላይ ከሆነ ቀን ለመተኛት መመለስ የማይታሰብ ነው። መመለስ ካልተቻለ ካራቫን መከራየቱ ምን ዋጋ አለው? ሰሜን ዮርክሻየር ያለው ፍላሚንጎ ላንድ የራሱ ካራቫኖች አሉት። ስኬግነስ አጠገብ ኢንጎልድሜልስ ውስጥም ፋንታሲ አይላንድን የካራቫን ሰፈሮች ከብበውታል፤ ጋሪ እየገፉ በእግር ይደረሳል።

ሳይዘጋጁ መጎተት

የቆመ ካራቫን የምትከራዩ ከሆነ ይህን እለፉት። የራሳችሁን የምትጎትቱ ከሆነ ግን የካራቫኑ ክብደት ከመኪናችሁ ክብደት 85 በመቶ ባይበልጥ ለጀማሪ ይመከራል። ካራቫኑ ከመኪናው ከሰፋ ተጨማሪ ስፖኪዮ ግዴታ ነው። በሞተርዌይ በሰዓት ከ60 ማይል፣ መሃሉ በአጥር ወይም በደሴት ባልተከፈለ መንገድ ከ50 ማይል አይታለፍም። ልጅ ደክሞታል ተብሎ እየተጎተተ ባለ ካራቫን ውስጥ በፍጹም አይተኛም።

መብራቱንና ከሰሉን እንደ ቤት ማየት

ይህ በተለይ የእኛ የሐበሾች ስህተት ነው። ለሚጎተት ካራቫን የሚሰጠው የመብራት መስመር ብዙ ጊዜ 16 አምፔር፣ አንዳንድ ቦታ 10 ብቻ ነው። 10 አምፔር 2,300 ዋት ገደማ ይሆናል። ምጣድና የሻይ ማፍያ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው የልጅ ወተትም ይሞቃል። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ያዙ።

ከሰሉ ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ዝናብ ሲመጣ የቡናውን ምድጃ ወደ ድንኳኑ ሳብ ማድረግ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጭሱ ጠፍቶ አመድ የለበሰ ፍም እንኳን ማውጣቱን አያቆምም። ለዕጣን የሚሆን ትንሽ ፍምም ቢሆን ካራቫን ወይም ድንኳን ውስጥ አይግባ። ጀበናውን በካራቫኑ የጋዝ ምድጃ ላይ ጣዱት፤ መስኮት ይከፈት። ስትደርሱም ከሻንጣው በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙን ተጫኑና ይጮህ እንደሆነ አረጋግጡ። ካልጮኸ ቢሮ ሄዳችሁ ይቀየርልን በሉ።

«ከፍለንበታል» ብሎ እስከ መዝጊያ መቆየት

ትኬቱ ውድ ስለሆነ እስኪዘጋ ማስቆየት ያጓጓል። በፈረንጅ 3 ሰዓት ላይ ፓርኩ ውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጋሪ ላይ የተንጋለለ ልጅ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ልጅ፣ አይስክሬሙ እጁ ላይ ቀልጦ የሚያለቅስ ልጅ። ጥጋብም ጥፋትም አይደለም፤ እንቅልፍ ነው። እኛ አሁን በሩ ሲከፈት እንገባለን። ልጆቹ በጣም የሚፈልጉትን ሁለት ሦስት ጨዋታ ወረፋው ሳይረዝም ያዳርሳሉ። ምሳውን ፍርፍር በፔርሙዝ ይዘን እንሄዳለን፤ በፈረንጅ 1 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ካራቫኑ ውስጥ መጋረጃው ይዘጋል፣ ሁለቱም ይተኛሉ። ሲነቁ መክሰስ ይበላሉ፤ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ደጅ ያለው ኩሬ ውሃ ላይ ይዘላሉ። ትኬቱ በዚያው ቀን መልሶ የሚያስገባ ከሆነ አንዳንዴ ማምሻውን እንመለሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን እነሱ ራሳቸው «እዚሁ እንሁን» ይላሉ።