ዊንዶውስ 11 ከማስጫንዎ በፊት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ "ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?" ይለኛል። እኔ "ይቀየር" ባይ ነኝ። ጣጣው አቀያየሩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳያስቡ "ፎርማት አድርግልኝ" ማለት ነው። ሠሪው ሲ ድራይቭን ጠርጎ እንደ አዲስ ይጭናል። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ የሚቀመጠው እዚያው ሲ ውስጥ ነው። "ዴስክቶፑ ላይ ነበር እኮ!" ሲሉኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ማሽኑ ከቻለ 11ን ከ10 ላይ አፕግሬድ ማድረግ ይሻላል፤ ፋይሉም ፕሮግራሙም ባለበት ይቆያል። ያም ሆኖ አስቀድሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው።

ፎርማት ሌላም ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ፎንት (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል)። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ያለው ዓለም አቀፍ አጻጻፍ) አይደለም። ውስጡ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። የዕድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ፎርማት ከተደረገ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ምልክት ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ "ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ቋንቋ ነው?" አሉኝ። ደግነቱ ፎንቱ ከሌላ ማሽን ተገኘ። እናንተም ፎንቶቻችሁን ከፋይሉ ጋር ገልብጡ። የሚያስፈልገውን ሰነድ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

"ኮር አይ 5 ስለሆነ ይችላል" የሚለውም አያዋጣም። ወሳኙ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለው ነው የሚፈቀደው። ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። ቲፒኤም የለም ከተባላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሳያሟላ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም አታልሎ መጫንም አለ፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ለሚመጣው ማሻሻያ ዋስትና አይሰጥም። በ4 ጊጋ ራምና በድሮው ሃርድ ዲስክ ደግሞ ቢጫንም ይንቀራፈፋል። መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የማከማቻ ዓይነት) ይግባ።

መብራት! ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ መሃል ላይ ከጠፋ አልነሳም ሊል ይችላል። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ሲቋጠር እኔ አልጀምርም። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይሉም ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት።

ከተጫነ በኋላ ሳምንታት ቆይቶ ፕሪንተር መሞከርም ስህተት ነው። አፕግሬድ ያደረገ ሰው ወደ 10 የሚመለስበት ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። ፕሪንተሩን፣ ስካነሩን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ በዚያው ዕለት ሞክሯቸው። የእኔ ስካነር አልሠራ ያለው በ12ኛው ቀን ነው።