የፒፓ ትምባሆ ምርጫ ሲለወጥ፦ ከቫኒላ ወደ ላታኪያ

ፒፓ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ቫኒላ ወይም ቼሪ የተጨመረበትን ነው። ሽታው ደስ ይላል፤ እርጥበቱ ግን እሳቱን ደጋግሞ ያጠፋዋል፣ አጫሹም አጥብቆ ሲስብ ምላሱ ይቃጠላል። ከዓመታት በኋላ ብዙዎች የቅጠሉን የራሱን ጣዕም መፈለግ ይጀምራሉ።

ጥሩ መሸጋገሪያ ቨርጂኒያ የሚባለው የትምባሆ ዓይነት ነው። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ በችኮላ ሲሳብ ይግላል። ከመሙላትዎ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ወረቀት ላይ ዘርግተው ያናፍሱት፤ በጣት ሲጨመቅ ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፣ ከተፈረፈረ አልፎበታል። ሲሞሉ ታችኛውን ላላ፣ የላዩን ጠበቅ ያድርጉ፤ በቀስታ ይሳቡ።

ላታኪያ በእንጨት ጭስ የደረቀ ቅጠል ነው፤ ቀድሞ ከሶርያ፣ ኋላ በዋናነት ከቆጵሮስ የሚመጣ። ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጣል፤ የራሱ ፒፓ ካልተመደበለት ቀጥሎ የሚሞላው ቨርጂኒያም ላታኪያ ላታኪያ ይላል። ፔሪክ የሚባለው የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ትምባሆ ደግሞ በበርሜል ተጨምቆ የሚብላላ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚለበልብ ነው። ከሌላ ትምባሆ ጋር ሲደባለቅ ለመነሻ ከድብልቁ 5 በመቶ ይበቃል፤ በባዶ ሆድ ግን አይሞከርም፣ ያዞራል።

ሁሉም ጣዕም አልባ ከሆነብዎ ወደ ጠንካራው አይሩጡ። ማጨስ ራሱ ማሽተትን ያደክማል፤ ጥፋቱ ከትምባሆው ላይሆን ይችላል።