ዜሮ ክፍል ስትመርጡ ሽንት ቤቱን እዩ

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጠዋት ጠዋት በኮንትራት ልጆች አመላልሳለሁ። ከአቶቴ እስከ ፒያሳ የትኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ስንት ልጅ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያ ልጄን ዜሮ ክፍል ሳስገባ ተሸውጃለሁ። ግድግዳው ላይ አንበሳና ቀጭኔ ተስሎ አየሁ፣ ወደድኩት፣ አስመዘገብኩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ጠዋት ሻይ አልጠጣም አለች። ምነው ስላት፣ "ሽንቴ ይመጣላ!" ሄጄ ሽንት ቤቱን አየሁት። ቀዳዳው ለስምንተኛ ክፍል ጎረምሳ የተሠራ ነው። እገባበታለሁ ብላ ፈርታ ነው ለካ።

ለሁለተኛው ልጄ ሦስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዞርኩ። እናንተም የምትዞሩ ከሆነ ግንቦት ላይ ሂዱ። ሰው ሁሉ የሚሄደው ክረምት ለምዝገባ ነው፤ ያኔ ግቢው ጭር ብሏል፣ ቀለም አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ጥበቃውን "ለከርሞ ልጅ ላስገባ ነው" በሉት፣ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይመራችኋል።

ሰዓቱን ከእረፍት ጋር አግጥሙት። ዜሮ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንደኛ ደረጃ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ ጋ ትንንሾቹና ትልልቆቹ እኩል ይለቀቃሉ። ኳስ ሲመጣባቸው ሕፃናቱ ግድግዳ ተለጥፈው ይቆማሉ። ሌላው ጋ ሩብ ሰዓት ቀድመው ይወጣሉ። ምንም ወጪ የለውም እኮ! ይሄን ያሰበ ርዕሰ መምህር ሌላም ያስባል ብዬ ነጥብ ሰጠሁት።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ልጆቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። እግራቸውንም እዩ። አየር ላይ ከተንጠለጠለ አግዳሚው ከላይ ክፍል የመጣ ነው። ከዚያ መምህሯን። አንደኛዋ ቆርኪ በፌስታል ይዛ አምስት አምስት ታድላለች። "ሁለቱን ለጓደኛህ ስጥ፤ ስንት ቀረህ?" አለችው አንዱን። "አልሰጥም!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ስቃ፣ "እሺ፣ ካልሰጠህስ ስንት አለህ?" አለችው። ሌላው ትምህርት ቤት ሀ ሁን በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ። ለወላጅ ጆሮ ደስ ይላል። ግን "ለ"ን አሳየኝ ያልኩት ልጅ ጓደኛውን ነው ያየው።

የማስተማሪያ ቋንቋውን አትርሱ፤ ሲዳምኛ ነው አማርኛ? አንደኛ ክፍልስ በምን ይቀጥላል? በ2015 የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት ስላደረገው፣ ሁለቱም ዓመት እንዳላቸው ጠይቁ። የልደትና የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ዩኒፎርሙ ዋጋ በር ላይ ልጅ የሚጠብቁ እናቶችን ጠይቁ፤ ከእነሱ የሚደበቅ የለም።

መንገዱን በልጅ እርምጃ ሂዱት። ገበያዬን ልዝጋና፣ በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት ከባጃጅ ይሻላል። የባለ ቆርኪዋ ግን አስፋልት ያሻግራል። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ጠዋት እኔ፣ ቀትር ላይ አያቱ እንድታሻግረው ተስማማን።

ከመመዝገቤ በፊት ልጁን ይዤ ሽንት ቤቱ ገባሁ። ቁጢጥ ብሎ ሞከረውና "ይሆናል" አለኝ።