በድምፅ ላይብረሪ ቢልድ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የድምፅ ላይብረሪ ራሱን ችሎ አይሄድም፤ የሚኖረው ሌላ ሰው በጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ላይብረሪውን ስትገነቡ (ቢልድ ስታደርጉ) ለኮምፓይለሩ የጨመራችሁት ፍላግ፣ ማለትም አማራጭ ትእዛዝ፣ መዘዙ የሚወጣው እዚያ ነው።

ከሁሉ የከፋው ፋስት ማዝን፣ የስሌት ደንብን አላልቶ ኮዱን የሚያፈጥነውን ፍላግ፣ ለመላው ፕሮጀክት መስጠት ነው። ድምፅ ነው፣ ትንሽ ቢዛነፍ ማን ይሰማዋል ይባላል። ጉዳዩ መዛነፍ አይደለም። ይህን ፍላግ ስትሰጡ ናን (ቁጥር ያልሆነ ውጤት) እና ኢንፊኒቲ (ወሰን የለሽ) እዚህ ኮድ ውስጥ በጭራሽ አይመጡም ብላችሁ ለኮምፓይለሩ ቃል ገብታችኋል። እሱም ያምናችኋል፤ ናን መሆኑን በሚጠይቀው ኢዝናን የጻፋችሁትን ፍተሻ መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ብሎ ከነአካቴው ሊሰርዘው ይችላል። እስቲ የቀድሞ ውጤቱን በ0.99 አባዝቶ ከአዲሱ ሳምፕል (አንድ የድምፅ ናሙና ቁጥር) ጋር የሚደምር ፊልተር አስቡ። አንድ ናን ከገባበት ቀጣዩ ውጤት ናን ነው፣ ከዚያ ያለውም እንዲሁ፤ ፊልተሩ ከዜሮ እስኪጀመር ድረስ አይጠራም። መከላከያው ሶርስ ኮዱ ላይ ቁጭ ብሏል፣ በተገነባው ፋይል ውስጥ ግን የለም።

ይባስ ብሎ ከ13 በፊት ያሉት የጂሲሲ ኮምፓይለር ስሪቶች፣ የተገነቡት ፋይሎች ሲያያዙም (ሊንክ ሲደረጉም) ፍላጉ ካለ፣ ላይብረሪው ሲጫን የሚሠራ ትንሽ ኮድ ይከቱበታል። ኮዱ በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽን ላይ በጣም ጥቃቅኖቹን ቁጥሮች፣ ዲኖርማሎቹን፣ ወደ ዜሮ የሚለውጠውን የፕሮሰሰር ማብሪያ ይከፍታል። አንድ የሳይንስ ስሌት ፕሮግራም ማስጠንቀቂያ ድምፅ ለማሰማት ብቻ ላይብረሪያችሁን ቢጭን፣ የራሱ ስሌት ሊለወጥበት ይችላል። ይህ በሰው ቤት ገብቶ ዕቃ ማዘዋወር ነው።

ብዙዎች ወደዚህ ፍላግ የሚሮጡት ዲኖርማልን ሸሽተው ነው፤ ችግሩም እውነተኛ ነው። የሪቨርብ (የማስተጋባት) ጭራ ከ1 ተነስቶ 126 ጊዜ በግማሽ ሲቀንስ የመደበኛው ፍሎት (ባለ 32 ቢት የነጥብ ቁጥር) ጠርዝ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በታች ብዙ ፕሮሰሰሮች ክፉኛ ስለሚዘገዩ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። መፍትሔው በኮድ ነው፦ የድምፅ ማቀናበሪያው ፈንክሽን ሲጀምር በኢንቴልና በኤኤምዲ ላይ እነዚህ ማብሪያዎች ያሉበትን የኤምኤክስሲኤስአር ሬጅስተር ዋጋ ያዙ፣ ቢት 15ንና ቢት 6ን ክፈቱ፣ ስትጨርሱ የያዛችሁትን መልሱ። በ64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ የሚከፈተው ኤፍፒሲአር የሚባለው ሬጅስተር ቢት 24 ነው። የፈለጋችሁት ስኩዌር ሩትን ማፍጠን ብቻ ከሆነ ደግሞ የሒሳብ ስህተት መመዝገብን የሚያስቀረው ኖ ማዝ ኤርኖ ፍላግ ይበቃችኋል።

ማርች ኔቲቭን፣ ኮዱን ለሚገነባበት ማሽን ፕሮሰሰር የሚያመቻቸውን ፍላግ፣ ለሌላ ሰው በሚሰጥ ቢልድ ውስጥ አታስገቡ፤ ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ቀጣዩ ነው። የኤቪኤክስ2ን (አሮጌ ፕሮሰሰሮች የሌላቸውን ፈጣን የመመሪያ ስብስብ) ኮድ ለብቻው ፋይል አድርጎ ፍላጉን ለዚያ ፋይል ብቻ መስጠት፣ ፕሮግራሙ ሲነሳም ፕሮሰሰሩን ጠይቆ መምረጥ ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ፋይል ከሲፕላስፕላስ ሄደር (ብዙ ፋይሎች ከሚጋሩት ፋይል) የጋራ ኢንላይን ፈንክሽን ከጠራ፣ የፈንክሽኑ ሁለት ቅጂ ሊፈጠርና ፋይሎቹን የሚያያይዘው ሊንከር አንዱን ብቻ ሊያስቀር ይችላል። የቀረው የኤቪኤክስ2ው ከሆነ አሮጌው ፕሮሰሰር የማያውቀው መመሪያ ይገጥመውና ፕሮግራሙ ይሞታል። የዚያን ፋይል ረዳት ፈንክሽኖች ስታቲክ፣ ማለትም ለዚያ ፋይል ብቻ የተወሰኑ፣ አድርጓቸው።

የሳምፕሉን ዓይነት ፍሎት ወይም ደብል (ባለ 64 ቢት) የሚያደርግ ማክሮ (ኮምፓይለሩ ኮዱን ሲያነብ የሚተካው ስም) በትእዛዝ መስመር ብቻ አትስጡ። ላይብረሪው በደብል ተገንብቶ ተጠቃሚው ሄደሩን ያለ ማክሮው ካስገባ፣ ለ512 ሳምፕል እሱ 2048 ባይት ይመድባል፣ ላይብረሪው 4096 ይጽፍበታል። በሲ ሊንከሩ ትንፍሽ አይልም። ምርጫው በቢልድ ጊዜ በሚመነጭ ሄደር ውስጥ ተጽፎ ከላይብረሪው ጋር ይጫን።

ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት የሚያስቆጥረውን ወርኤረርን ለራሳችሁ መፈተሻ ብቻ ተጠቀሙበት፤ አዲስ ኮምፓይለር አዲስ ማስጠንቀቂያ ባመጣ ቁጥር የሰው ቢልድ አይቁም። ተጠቃሚው የራሱን ፍላጎች በሚያስገባበት በሲፍላግስ የሰጠውንም አትሻሩ፣ የእናንተን ከእሱ በፊት አስቀምጡ። በቢልድ መሣሪያው በሲሜክ የቢልድ ዓይነት ካልተመረጠ ጂሲሲና ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ ያለ ምንም ማፍጠኛ እንደሚገነቡ አስታውሱና፣ ባዶ ሲሆን ሪሊዝ (ማፍጠኛ ያለው ዓይነት) እንዲሆን አድርጉ።

ቴስት ላይ ውጤትን ቢት በቢት ማወዳደርም ሌላው ነው። ጂሲሲ በ64 ቢት አርም ላይ ማባዛትንና መደመርን በአንድ መመሪያ ስለሚያዋህድ፣ የመጨረሻዎቹ ቢቶች ከኢንቴሉ ሊለዩ ይችላሉ። በ16 ቢት ለሚወጣ ድምፅ የአንድ እርከን፣ ማለትም የ1/32768 ልዩነት ፍቀዱ።