በቮልስ ሩቅ መንገድ ሲወጡ በኤሌክትሪክ መለዋወጫ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ ቢቆምብዎት ብዙም አያስጨንቅም። የሚገፋ ሰው አይጠፋም፣ መካኒክ ይጠራል፣ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ይመጣል። ጎሃ ጽዮንን አልፈው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ግን ያለዎት የፊት ኮፈን ሥር የጫኑት ብቻ ነው። ከሚያልፉት ውስጥ ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ናቸው፤ የእነሱ ዕቃ ለቮልስ አይሆንም። ይህን ፈርቶ ሳጥን ሙሉ ዕቃ ጭኖ የሚወጣ አለ። ሳጥኑ እየሞላም መንገድ ላይ የሚያስቀሩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

አዲስ ዕቃ ከነካርቶኑ መያዝ

ከሁሉም የበለጠ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰዉ ፖይንት፣ ኮንዴንሰርና ቦቢና (ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የሚያደርጉትን ዕቃዎች) ይገዛና ሳይሞክር ሳጥን ውስጥ ይከታል። ዕቃው ከመጀመሪያውም የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ወይም ለሌላ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየካንዴላው ለሚያከፋፍለው ዕቃ) የተሠራ ይሆናል። ቮልስ ላይ በየዘመኑ የተለያየ ዲስትሪቢዩተር ተገጥሟል፣ ፖይንታቸውም አንድ አይደለም። ኮንዴንሰር ደግሞ አዲስም ሆኖ የማይታመን ዕቃ ነው። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት አዲሱን መኪናው ላይ ይግጠሙት፤ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ይንዱበት። ደህና ሲሠራ የነበረውን አሮጌውን ፈትተው መጠባበቂያ ያድርጉት። እሱ ቢያንስ መሥራቱ ይታወቃል።

ዕቃውን ይዞ መፍቻውን መርሳት

የፖይንት ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ በዓይን አይገመትም። ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ካልያዙ ፖይንቱን ባይይዙት ይሻልዎ ነበር። ሲቸግር ወፍራም የቢዝነስ ካርድ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል። ካንዴላም እንደዚሁ ነው። ጠባብ ቦታ ውስጥ የሚገባ የካንዴላ መፍቻ ያስፈልጋል፤ ከሌላ መኪና የሚዋሱት ብዙ ጊዜ እጀታው ቆርቆሮው ጋ ይጋጫል።

ቀዩን መብራት «የዲናሞ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ

በሌላ መኪና የቻርጅ መብራት ሲበራ ባትሪው እስኪያልቅ መንዳት ይቻል ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የተገጠመው የዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅም የለም፣ ነፋስም የለም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ እየወጡ በዚህ ሁኔታ ከቀጠሉ ሞተሩን ያቃጥሉታል። መብራቱ እንደበራ ዳር ይዘው ያጥፉና የኋላውን ኮፈን ይክፈቱ። ቺንጋው በቦታው ካለና ካልላላ ጉዳቱ ምናልባት የዲናሞው ካርቦን ወይም ቻርጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፤ ያኔ በቀን፣ መብራት ሳያበሩ ጥቂት መሄድ ይቻላል።

ለቺንጋ ቅየራ የ21 ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ ይበቃሉ። ካቻቢቴውን ፑሊው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ጠርዝ ላይ ባለው ክፍተት ያስገቡና ፑሊው እንዳይዞር ይያዙበት። ዳዶው ሲፈታ ቀጫጭን ክብ ቆርቆሮዎች ይወጣሉ። አይጣሉ! ቺንጋው የሚጠብቀውና የሚላላው በእነሱ ነው። ከሁለቱ የፑሊ ግማሾች መሃል አንዱን አውጥተው ወደ ውጭ ሲያደርጉት ቺንጋው ይጠብቃል። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው።

ፊውዝን በሲጋራ ወረቀት መተካት

የቮልስ ፊውዝ ያ የድሮው፣ ጫፍና ጫፉ የሾለው የሴራሚክ ዓይነት ነው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። የአዲስ መኪና ፊውዝ አይገባበትም፣ በየመንገዱም አይገኝም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ በደንብ ይያዙ። በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ማለት በፊውዙ ፈንታ ሽቦው ይቃጠል ማለት ነው።

ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ግን ፊውዝ ሲፈትሹ ጊዜ አያጥፉ። ወደ ቦቢናው የሚሄደው መስመር በፊውዝ አያልፍም። በመሞከሪያ መብራት ቦቢናው ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ይዩ። ካልደረሰ ሦስት ሜትር ያህል ሽቦ ከጉድ ያወጣል፦ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ በቀጥታ ይዘርጉት። ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል ነው። ሽቦው የትም እንዳይነካ በናስትሮ ይጠቅልሉት።

ቮልቱን አለማወቅ

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው። አንዳንዱ በኋላ ወደ 12 ተቀይሯል። አምፖልና ቦቢና ከመግዛትዎ በፊት ባትሪውን ይዩ። መኪናዎ 12 ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ባለ12 ቮልት ዕቃ ከባለ6 ይልቅ በቀላሉ ይገኛል።

ከጭነት መኪና ባትሪ መዋስ የባሰ አደጋ አለው። አብዛኞቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ12 ባትሪ ተያይዞ ማለት ነው። ሹፌሩ በቅንነት ገመዱን ከሁለቱ ጫፍ ሊሰጥዎት ይችላል። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ፣ የጭነት መኪናው ሞተር ጠፍቶ እያለ ይውሰዱ። ያም ለ12 ቮልት ቮልስ ነው። ባለ6 ከሆነ ይገፋ።

ሞተሪኖውን ቶሎ መኮነን

ቮልሱ ሲነሳ እያቃሰተ ከሆነ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ) ከመግዛት በፊት ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘውን የተጎነጎነ ገመድ ይዩ። ዝጎ ወይም ላልቶ ይገኛል። በብረት ብሩሽ ፈግፍጎ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በተለይ 6 ቮልት ላይ፣ ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ አምፔር ስለሚፈስ፣ ትንሽ ዝገት ትልቅ ችግር ነው።

አንድ የቀረ አለ። መንገድ ዳር ሲፈትሹ ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉን ከፍተው አይተዉ። ፖይንቱ ገጥሞ የቆመ ከሆነ ቦቢናው ይግላል፣ ፖይንቱም ይቃጠላል። ለክተው፣ አይተው፣ ወዲያው ይዝጉት።